ሳይቀመስ የታረመ ቋሊማ

የካቲት 9፣ ሰኞ

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፦ ድኩላውን እኔ አልገደልኩትም። አሊም አልገደለውም። ድኩላው ራሱ መጥቶ ነው ሚኒባሱን የገጨው። ይህ በጽሑፍ ይቀመጥ።

ከዚያ በቀር ቀኑ እንደማንኛውም ቀን ነበር። ሁዳዴ ገባ። ጠዋት ወደ ዳንግላ ሄድኩ፣ በወር አንድ ጊዜ እንደማደርገው። ከመናኸሪያ በጋሪ እስከ ልጄ እስከ ሰውነት ሰፈር። በሯ ላይ ቆምኩ። አላንኳኳሁም። በሩን አረንጓዴ አስቀብታዋለች፤ ቀለሙ እኩል አልተቀባም፣ ከታች ሳስቷል። ይህንን ልነግራት ላንኳኳ ነበር? ተመለስኩ። ካየኋት ሦስት ዓመት ከሁለት ወር።

ስመለስ ከሹፌሩ ከአሊ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰባተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን በዚህ መስመር ሚኒባስ ይነዳል። ወደ ከተማችን ወደ ቆሰበር ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ድኩላው ከባሕር ዛፉ ወጣ። ግራ ቀኝ አላየም። ተላተመ። ወደቀ፣ ግን አልሞተም… ሁለት እግሩ ተሰብሯል።

ተሳፋሪው በሙሉ ወረደ። ክርክር ተጀመረ። አሊ ቢላ አወጣ።

"እኔ ልረደው። የእኛ ጾም ገና ከነገ ወዲያ ነው፤ ዛሬ ሥጋ የምንበላው እኛ ብቻ ነን" አለ። እውነቱን ነው።

አንዲት ሴት፣ "ግማሹ ለእናንተ እንዲሆን፣ ግማሹ ለእኛ እንዲሆን ተጋግዛችሁ ብትባርኩትስ?" አለች።

"እትዬ፣ አንገቱ እኮ አንድ ነው" አለ አሊ።

በዚህ መሃል ሰውነት አምስተኛ ክፍል ሳለች የጻፈችው ድርሰት ትዝ አለኝ። ሃያ ስንት ዓመት ሆነው? "አሊ፣ ለእኔ ተውልኝ" አልኩ።

"ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ሁዳዴ ገባ።"

"አውቃለሁ።"

"ሃምሳ አምስት ቀን ነው።"

"መቁጠር ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።"

ቢላውን በሁለት እጁ ሰጠኝ። በስመ አብ ብዬ ባረክሁት። ከዶሮ በላይ ባርኬ አላውቅም። አሊ ፊቱን አዙሮ፣ "ለሃምሳ አምስት ቀን ቀጠሮ የተሰጠው የመጀመሪያው ድኩላ" ሲል ሰማሁት።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ

የዱር እንስሳ የመንግሥት ነው። ስለዚህ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባል። ሄድኩ። ወጣቱ ሠራተኛ ቁጭ እንዳለ፣

"ምን ነበር ጉዳይዎ አባቴ?"

"የድኩላ ሞት ላሳውቅ።"

"የማን ድኩላ?"

"የመንግሥት።"

"መንግሥት ድኩላ ጠፋኝ ብሎ አላመለከተም።"

መሳቢያውን ከፍቶ ፈተሸ። ከዚያ ቅጽ ሰጠኝ፤ ለጠፋ ከብት የተዘጋጀ ነው። ሞላሁት። የባለቤት ስም፦ ጫካ። የከብቱ ቀለም፦ ቡናማ፣ ጎኑ ላይ ነጭ ነጠብጣብ። ስንት ወልዳለች፦ ወንድ ነው። ማህተም አደረገበት።

"በሥጋው ምን ሊያደርጉ ነው?"

"ቋሊማ።"

"በሁዳዴ?"

ማህተሙን መልሶ አየው። ሊያነሳው የሚቻል ቢሆን ያነሳው ነበር።

ሥጋው ጎረቤቴ ጢሞቲዎስ ፍሪጅ ገባ። በጾም ከሽሮዬ ጋር አንድ ፍሪጅ ውስጥ አላስቀምጠውም።

ማታ ሳጥኑን ገልብጬ ደብተሩን አገኘሁት። "ከሁሉ የሚጥመኝ ቁርስ፣ ሰውነት ሀይለመለኮት፣ 5ኛ ሀ።" እንዲህ ይላል፦

"በፋሲካ ጠዋት እማዬ አጎቴ ካመጣው ድኩላ ቋሊማ ሠራች። ሥጋውን በጣም በጣም አድቅቃ ከተፈችው። ትንሽ ጨው እና ብዙ ሚጥሚጣ እና ኮረሪማ እና ነጭ ሽንኩርት አደረገችበት።"

ከጎኑ በእኔ ቀይ እስክሪብቶ፦ "ትንሽ ማለት ስንት ነው? 'እና' በዝቷል።"

ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ሰርዤዋለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ መስመር በመስመር ላይ፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ። በኅዳጉ፦ "ከርዕስ የወጣ።" ወደ አምፖሉ አስጠጋሁት። በጀርባው አየሁት። አንድ ፊደል አይነበብም። ከዚያ ይቀጥላል፦

"አንጀት ውስጥ ጠቀጠቀችው። ለቁርስ ስትጠብሰው ቤቱ በሙሉ ሸተተ። እኔ ሦስት በላሁ።"

6/10 ሰጥቻታለሁ።

ወርቅአየሁ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ምንም ነገር በጽሑፍ አላስቀመጠችም። የባለቤቴ ቋሊማ አሠራር በዚህ ምድር ላይ የቀረው ይኸው ነው። እሠራዋለሁ። ለፋሲካ ቁርስ። ሰውነትን እጠራታለሁ። ለእኔ ስትል እንደማትመጣ አውቃለሁ። ለቋሊማው ስትልስ?

የካቲት 11፣ ረቡዕ

አንጀቱን በሎሚና በጨው ሰባት ጊዜ አጠብኩት። የሃይላንድ ፕላስቲክ አንገቱን ቆርጬ፣ አንጀቱን አፉ ላይ አሰርኩ፤ ሥጋውን በማንኪያ እጀታ እገፋለሁ። ይሠራል። ማስመሪያ አጠገቤ አለ። እያንዳንዱ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር።

ችግሩ ጨው ነው። እኔ አልቀምስም። ሰፈሩ በሙሉ አይቀምስም። አሊ ዛሬ ጾም ጀመረ፤ ባይጀምርም የእኛን ሥጋ አይበላም። የሚቀምስ አንድ ሰው ብቻ ነው፦ ጎረቤቴ ጢሞቲዎስ፣ አናጢው። ፕሮቴስታንት ስለሆነ ሁዳዴ የለበትም። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ጠብሼ ጠራሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ። ረጅም ጸሎት። በላ።

"ከአሥር ስንት?"

"አሥር።"

"ጨዉስ?"

"አሥር።"

"ጨው እንዴት አሥር ይሆናል? ልክ ነው፣ በዝቷል፣ አንሷል ነው የሚባለው።"

"በሁሉም አሥር ነው ጋሼ።"

ተጠራጠርኩ። ሁለተኛውን ያለ ምንም ጨው ጠበስኩለት። አሥር። ሦስተኛውን ጨው እጥፍ አድርጌ። ውሃ ጠጣና፣ አሥር።

"ጢሞቲዎስ፣ እያሾፍክብኝ ነው?"

"ኧረ በጌታ… ጋሼ፣ እኔ ተማሪ ሳለሁ አንድም ቀን አሥር አግኝቼ አላውቅም። መስጠት ግን እንዲህ ደስ የሚል ነገር መሆኑን የነገረኝ የለም።"

ጨዉን በመሃል አደረግሁት።

የካቲት 13፣ ዓርብ

አርባ አንድ ቋሊማ ጓዳ ውስጥ ተሰቀለ። ሁሉም ቁጥር አለው። ሁሉም አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር። ቁጥር 17 ብቻ አሥራ ስድስት ነው። እንዴት ሆነ?

የካቲት 16፣ ሰኞ

የሰፈሩ ውሾች በራፌ ላይ ተሰልፈዋል። ዘጠኝ ናቸው። ትልቁ ከፊት። ሰላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬ እንዲህ ያለ ሰልፍ አላየሁም።

እትዬ እቴናት ከአጥሩ ማዶ ብቅ አሉ። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ወርቅአየሁን እንደ ታናሽ እህት ነበር የሚያዩዋት። ሥጋ ላለማየት ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጣል አድርገው ነው የሚያናግሩኝ።

"አንተ ሀይለመለኮት፣ አንጀት ትጠቀጥቃለህ አሉ።"

"አዎ እትዬ።"

"በማስመሪያ?"

"አዎ።"

በአዊኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ። ሰምቻለሁ። እዚህ አልጽፈውም።

የካቲት 20፣ ዓርብ

የነፍስ አባቴ መጡ። በሰፈሩ "መምህር ሀይለመለኮት ጴንጤ ሆነ" ይባላል አሉ። ጢሞቲዎስ በየቀኑ ይገባል፣ ሥጋ ይሸታል፣ ጸሎት ይሰማል።

ጓዳውን ከፈትኩላቸው። አርባ አንዱን አዩ። ቁጥሮቹን አነበቡ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የፋሲካ ቁርስ ነው አባ።"

"ዛሬ ገና አሥራ ሁለተኛ ቀናችን ነው።"

"ቀድሞ መዘጋጀት ጥሩ ነው ብዬ።"

መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "እንዳትቀምስ" አሉኝ። ደጅ ከወጡ በኋላ ተመልሰው መጡ። "ኮረሪማው በዝቷል" አሉ፣ "ከሽታው ተነሥቼ ብቻ ነው የምናገረው።"

ጽፌ ያዝኩት።

የካቲት 27፣ ዓርብ

ቁጥር 3ን ቆረስኩት። ተፈረፈረ። እንደ ጠመኔ። ጠረጴዛው ላይ ዱቄት ሆኖ ቀረ። ቁጥር 4፣ ያው። ቁጥር 9፣ ያው።

እትዬ እቴናትን ጠየቅሁ። "ድኩላ ስብ የለው። ዘመኑን ሲሮጥ የኖረ ፍጥረት ነው። አንድ የሚያያይዘው ነገር ያስፈልገዋል" አሉ።

"ወርቅአየሁ ምን ትጨምርበት ነበር?"

"እኔን ትጠይቃለህ? ስትሠራ በር ትዘጋ ነበር። ከውስጥ ልጅቷ ብቻ ናት።" ነጠላውን ከዓይናቸው ትንሽ ገለጥ አደረጉ። "አንተ የት ነበርህ?"

የት ነበርኩ? ሳሎን። ደብተር ሳርም።

ያ የሰረዝኩት ዓረፍተ ነገር። መልሱ እዚያ ነው ያለው። ሌላ ሊሆን አይችልም።

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ

ለሰውነት ደብዳቤ ጀመርኩ። አራት ረቂቅ። አራቱንም አረምኳቸው። አራተኛው ሲታረም የቀረው "ይድረስ ለ" ብቻ ነው።

በመጨረሻ ቁጥር 12ን በወረቀት ጠቅልዬ፣ ክሩ ላይ ቁራጭ ካርቶን አሰርኩ፦ "የድኩላ። በአምስተኛ ክፍል ድርሰትሽ መሠረት የተሠራ።" ሌላ ምንም አልጻፍኩም። ለአሊ ሰጠሁት።

"ጋሼ፣ በጾም አፌ ኮረሪማ ያሸክሙኛል?"

"መስኮት ክፈት።"

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

ምንም የለም።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ

ምንም የለም። ውሾቹ አሥራ አንድ ሆነዋል።

መጋቢት 6፣ እሁድ

መጣ። አሊ ራሱ እስከ ቤት አመጣው። ያንኑ ካርቶን። በጀርባው፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ በእጅ ጽሕፈቷ፦

"አቀራረብ ጥሩ። ኮረሪማ በዝቷል። ሲቆረስ ይፈረፈራል። 4/10። ጣዕም፦ ከፋሲካ በኋላ ይታረማል።"

"ምን አለች?" አልኩት።

"ምንም። በመስኮት ብርሃን አየችው፣ አሸተተችው፣ ቆረሰችው። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ ፈለገች። ጋሼ፣ አስተማሪ መሆኗን አላውቅም ነበር፤ ግን እጄን ወደ ኋላዬ አድርጌ ነው የቆምኩት። እርስዎን ያየሁ መሰለኝ።"

ዳንግላ ውስጥ አራተኛ ክፍል ነው የምታስተምረው። አልነገርኩትም። ለምን እንደሄደችም ለማንም ነግሬ አላውቅም። እዚህ ይጻፍ።

ወርቅአየሁ የተቀበረች ቀን የሕይወት ታሪኳን የጻፈችው ሰውነት ነበረች። ሌሊቱን ስትጽፍ አደረች። አስከሬኑ ከቤት ሊወጣ ሲል ወረቀቱን "እስቲ ልየው" ብዬ ተቀበልኳት። ቀይ እስክሪብቶ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሁልጊዜ አለ። ሁለት ዓመተ ምሕረት አስተካከልኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሰረዝኩ፦ "የእናቴ እጅ ሁልጊዜ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸት ነበር።" ለሕይወት ታሪክ አይሆንም ብዬ። መልሼ ሰጠኋት። በሕዝብ ፊት፣ በቀይ የታረመውን ወረቀት ይዛ፣ ያረምኩትን እንዳረምኩት አነበበች። በሦስተኛው ቀን ሄደች።

ሌላ ምን ላደርግ እችል ነበር በዚያ ጠዋት በእጄ? እስክሪብቶ መያዝ ብቻ ነው የሚያውቀው።

አራት ከአሥር። በሦስት ዓመት የመጀመሪያዋ ጽሑፍ። ካርቶኑን ጓዳ ሰቀልኩት፣ በቁጥር 12 ቦታ።

መጋቢት 7፣ ሰኞ

"ከፋሲካ በኋላ ይታረማል።" የት ነው የሚታረመው? እዚህ ነው ወይስ እዚያ? ከፋሲካ በኋላ ማለት ፋሲካ ጠዋትን ይጨምራል? በሕጉ ዶሮ ከጮኸ በኋላ ነው… ጢሞቲዎስን ጠየቅሁት። አነበበው። "ትመጣለች" አለ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"አሥር።"

እሱን መጠየቅ አልነበረብኝም።

መጋቢት 14፣ ሰኞ

ቅቤ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ጾም ስለሆነ ገበያ ላይ ቅቤ የሚጠይቅ የለም፤ ሻጯ በሐዘኔታ ነው ያየችኝ። ከቀረው ሥጋ ላይ ወስጄ ስድስት ሠራሁ። ኮረሪማ ቀነስኩ። አልተፈረፈረም። በጣም ጥሩ። አንዱን አሊ ለሰውነት ወሰደላት። የእነሱ ጾም ተፈትቷል፣ አሁን ስለ ሽታው አያማርርም፤ እንዲያውም "ጋሼ፣ እኔ ብባርከው ኖሮ ዛሬ እኔም እቀምስልዎ ነበር" አለኝ።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

መልስ። 5/10። ሁለት ቃል ብቻ፦ "ቅቤ አይደለም።"

ታውቃለች። ስለዚህ ታስታውሳለች። አልነገረችኝም ግን። ለምን? ትክክለኛውን መልስ ተማሪ ራሱ ይድረስበት፣ አስተማሪ አይናገርም… ይህንን ከማን ተማረች?

መጋቢት 20፣ እሁድ

ትናንት ማታ መብራት ጠፋ፣ እስከ ዛሬ ከሰዓት አልመጣም። ጢሞቲዎስ ፍሪጁን በብርድ ልብስ ሸፈነው፣ ከላዩም ጸለየለት። ሥጋው ተርፏል። አንድ ኪሎ ተኩል ነው የቀረው። ለአንድ ሙከራ ብቻ የሚበቃ።

መጋቢት 22፣ ማክሰኞ

ደብተሩን እንደገና አየሁት። ያ ሁሉ ቀይ። የአሥር ዓመት ልጅ የምትወደውን ቁርስ ስትነግረኝ "ትንሽ ማለት ስንት ነው" ብዬ ጠየቅኋት። አልመለሰችም። ተቀመጥ፣ ቅመስ፣ ይኼን ያህል ነው ማለቷ ነበር እንዴ?

ማርኩን ወደ አሥር ልለውጠው አስቤ ነበር። መዝገብ ላይ የገባ ማርክ አይለወጥም። ደንብ ነው። ድጋሚ ፈተና ግን ይፈቀዳል።

መጋቢት 24፣ ሐሙስ

ሰውነት ልጄ፣

ይህ ገጽ ከዕለት ማስታወሻዬ የተቀደደ ነው። ለራሴ ልጽፍ ጀምሬ ነበር፣ ላንቺ ሆነ። ረቂቅ አላደረግሁም። አላረምኩትም። ስህተት ካለ ይኑር።

ከዚህ ጋር የአምስተኛ ክፍል ደብተርሽን ልኬልሻለሁ። ከሚጥሚጣውና ከነጭ ሽንኩርቱ ቀጥሎ የሰረዝኩት ዓረፍተ ነገር አለ። ሃያ ሦስት ዓመት ሆነው፣ ምን እንደነበረ አላውቅም። ሳነበው ያነበብኩት ከርዕስ መውጣት አለመውጣቱን ብቻ ነው መሰለኝ። መልሰሽ ጻፊልኝ። ቦታ ከጠበበሽ በኅዳጉ ላይ፣ "ከርዕስ የወጣ" ባልኩበት ላይ ደርበሽ ጻፊበት። በፈለግሽው ቀለም። "እና" የፈለግሽውን ያህል ይሁን።

ከሕይወት ታሪኩ የሰረዝኩትን ግን አልረሳሁትም። ልክ ነበርሽ። ሁልጊዜ ነበር የሚሸተው። አሁን የእኔም እጅ ይሸታል፤ ሰባት ሳምንት ሆነው፣ በሳሙናም አለቀቀኝ። ሳላጥበው የምተኛበት ቀን አለ።

ቁጥር 17 ከሌሎቹ በአንድ ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ልቆርጠው ማስመሪያና ቢላ ይዤ ገብቼ ነበር። ተውኩት።

የቀረው ሥጋ አንድ ኪሎ ተኩል ነው። ጢሞቲዎስ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ መብራቱን ታውቂዋለሽ። ፋሲካ ከዛሬ አሥር ቀን በኋላ ነው። ጣዕም ከፋሲካ በኋላ ይታረማል ብለሻል። የት ሆነሽ እንደምታርሚው አልጻፍሽም፤ መጠየቅ ፈርቼ ነው እስከ ዛሬ። አሁን እጠይቃለሁ፦ ስንት ሳህን ላውጣ?

አሊ ማክሰኞ ጠዋት ከዳንግላ ይነሳል። መልስሽን በእጁ ላኪልኝ፣ ሥጋው ሳይበላሽ። ወይም ራስሽ ይዘሽልኝ ነይ። ብቻ ቶሎ መልሺልኝ።